ዳፍኔው የጠወለገው ውሃ ጠምቶት አይደለም

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በብርዱ ወቅት አበባው የፈነዳ ዳፍኔ ኦዶራ የተባለ ቁጥቋጦ በማሰሮ ገዝቼ ከቤቴ መግቢያ አጠገብ፣ ከግድግዳው ሥር ተከልኩት። መዓዛው ገና ከደጅ ይቀበለኝ ነበር። አሁን ሰባት ወር ገደማ ሆኖታል። ቅጠሎቹ ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ፤ አንደኛው ጎኑ ጭራሽ ጠውልጓል። በየሁለት ቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ማዳበሪያም ጨምሬለታለሁ፣ ግን ባሰበት። አፈሩ ጭቃ የሚሆን ዓይነት ነው። ነቅዬ ሌላ ቦታ ልትከለው? ወይስ በቃ ሌላ ተክል ልፈልግ?»

መጀመሪያ ዛሬውኑ የሚደረገውን ልንገርዎ። ውሃውን ያቁሙ። ማዳበሪያውንም ያቁሙ። አካፋ አያንሱ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ለምን እንደምቸኩል ላስረዳ። ተክል ሲጠወልግ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው «ውሃ ጠማው» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። ዳፍኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠወልገው ውሃ በዝቶበት ነው። ሥሩ አየር ይፈልጋል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት በሙሉ በውሃ ሲሞላ አየር ያጣና ከጫፉ ጀምሮ ይሞታል። የሞተ ሥር ደግሞ ውሃ አይስብም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ያዝንና ይጨምርለታል፤ የቀረውም ሥር አብሮ ይሄዳል። በዚህ ላይ ፋይቶፍቶራ የሚባል ሥር አበስብስ አለ። የዚህ በሽታ ዘሮች በእርጥብ አፈር ውስጥ እየዋኙ ነው ከሥር ወደ ሥር የሚጓዙት። አፈሩ ሁልጊዜ ጭቃ ከሆነ መንገዱን እኛው ከፈትንለት ማለት ነው።

ማዳበሪያውም አልረዳም ያሉት ለዚሁ ነው። የታመመ ሥር ምግብ መውሰድ አይችልም። ያልተወሰደው ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ እንደ ጨው ይከማችና የቀሩትን ቀጫጭን ሥሮች ያቃጥላል። ተክሉ እስኪያገግም ድረስ ምንም አይጨምሩለት፤ «ትንሽ ብቻ» የሚባለውንም ቢሆን።

ግን ቢጫ ቅጠል ሁሉ አንድ አይደለም። ውሳኔ ላይ ከመድረስዎ በፊት የትኛው ቢጫ እንደሆነ መለየት አለብን። ዳፍኔ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው ሲባል ቅጠል አያረግፍም ማለት አይደለም። አበባው ካለፈ በኋላ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ አሮጌዎቹን፣ ማለትም ወደ ግንዱ ገባ ያሉትን፣ ቢጫ አድርጎ ይጥላል። ይህ የጤና ነው። የሚረግፉት የውስጦቹ ብቻ ከሆኑና የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያሉት ወፍራምና አንጸባራቂ ከሆኑ አይጨነቁ።

ሁለተኛው ቢጫ ከጫፍ ይጀምራል። አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ ይወጣል፤ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ። ይህ የብረት እጥረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ኖራ በበዛበት አፈር ግን ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ከግድግዳ ሥር ተክለውታልና ይህን ይጠርጥሩ። ሲሚንቶና ልስን ኖራ ስላላቸው ከግንባታ የተረፈ ፍርስራሽ የተቀበረበት አፈር እየቆየ አሲድነቱን ያጣል። ዳፍኔ የሚወደው ገለልተኛ ወይም ትንሽ አሲዳማ የሆነ አፈር ነው። ቀላል የፒኤች (የአፈር አሲድነት) መለኪያ ካገኙ ከ6 እስከ 7 መካከል ቢሆን ደስ ይለዋል።

ሦስተኛው የሚያስፈራው ነው። ቅጠሉ በሙሉ፣ አሮጌም አዲስም ሳይል፣ ይደበዝዛል። ከዚያ ይጠወልጋል፤ አፈሩ ግን እርጥብ ነው። አንድ ጎን ብቻ መጠውለጉ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ያለው ሥር መጎዳቱን ይናገራል። ከገለጹልኝ ነገር የእርስዎ ይኸኛው ይመስለኛል።

እርግጠኛ ለመሆን እጅዎን ይጠቀሙ። መጀመሪያ ግን ጓንት ያድርጉ። ዳፍኔ ከቅጠል እስከ ሥሩ መርዛማ ነው፤ ፈሳሹ ቆዳን ያሳክካል፣ አንዳንድ ሰው ላይም ያቆስላል። ትንሽ ልጅ ወይም ውሻ ቤት ካለ የሚቆርጡትን ቅርንጫፍ መሬት ላይ ጥለው አይሂዱ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ተክሉ መግቢያ በር ላይ ስለሆነ በየቀኑ ሰው ያልፍበታል።

ጓንቱን ካደረጉ በኋላ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብለው፣ በጠወለገው በኩል፣ አፈሩን በእጅዎ ብቻ ቀስ ብለው ገለጥ ያድርጉ። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። መጀመሪያ ያሽትቱት። የጤነኛ አፈር ሽታና የረጋ ውሃ ሽታ አይምታቱም። ከዚያ አንድ ቀጭን ሥር ይፈልጉ። ጤነኛው ነጣ ያለ ወይም ክሬም መልክ ያለው ነው፤ ሲነኩትም ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማና ልፍስፍስ ነው። በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ሲያደርጉት የላይኛው ቆዳ ይወልቅና ቀጭኑ መሃሉ ብቻ በእጅዎ ይቀራል። ይህን ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ቅርንጫፎቹንም ይፈትሹ። የደረቀ በሚመስለው ላይ ልጡን በጥፍር ጫር ያድርጉ። ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ እስከ አረንጓዴው ድረስ ወርደው ይቁረጡት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ይነቀል ወይስ አይነቀል?

ዳፍኔን ማዛወር አይቻልም የሚለው ምክር በየቦታው ይነገራል፣ መሠረትም አለው። ሥሩ ጥቂት ነው፣ እንደ ሌላው ቁጥቋጦ ተሰባጥሮ አፈር አቅፎ አይይዝም። ሲነቅሉት አፈሩ ይፈረፈርና ሥሩ ራቁቱን ይቀራል። ለዓመታት መሬት ውስጥ የቆየ ዳፍኔን ማንም እንዲያነሳ አልመክርም። የእርስዎ ግን ሰባት ወሩ ነው። ምናልባትም አብዛኛው ሥሩ ገና በማሰሮው ቅርጽ እንዳለ ነው። ስለዚህ ዕድል አለው፤ ወቅቱ ግን አሁን አይደለም። በሙቀት ወራት የታመመ ተክል ማንሳት መግደል ነው። ሙቀቱ እስኪበርድ ይታገሡ። ያን ጊዜ በሕይወት ካለና ከግማሽ በላይ ሥሩ ነጭ ከሆነ ከነአፈሩ፣ ከሥሩም ጆንያ ወይም ጨርቅ አስገብተው፣ ሳያንቀጠቅጡ ያንሱት። ሥሩ በአብዛኛው ከበሰበሰ ማዛወሩ ድካም ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ ከነአፈሩ አውጥተው ያስወግዱት። በዚያ ጉድጓድም ሌላ ዳፍኔ አይትከሉ። የፋይቶፍቶራ ዘሮች አፈር ውስጥ ለዓመታት መቆየት ይችላሉ።

እስከዚያ ድረስ የሚደረገው ቀላል ነው። ግንዱን የነካ ጉዝጓዝ ካለ ገለል ያድርጉት። ከተከሉበት ጉድጓድ ጠርዝ ውጭ፣ ወደ ዝቅተኛው በኩል፣ የቆመው ውሃ የሚወጣበት ጠባብ ቦይ ይቅደዱ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በስስ ጨርቅ ይከልሉበት፤ ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ሲቀንስ የተረፈው ሥር ይተነፍሳል። ዙሪያውን አይኮትኩቱ። ሌላ ጊዜ ውሃ የሚሰጡት ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብተው አፈሩ ደረቅ ማለቱን ሲያረጋግጡ ብቻ ይሁን። «በየሁለት ቀኑ» የሚባል መርሐ ግብር ለዳፍኔ አይሠራም። ዝናብ በዘነበበት ሳምንትና ንፋስ በነፈሰበት ሳምንት አፈሩ አንድ አይደለም።

ሌላም አሁኑኑ ቢያደርጉት የምወደው ነገር አለ። ቁራጭ ይውሰዱ። እናትየው ብትሞት እንኳ ዘሯ ይተርፋል። የሙቀቱ ወራት አጋማሽና መጨረሻ ለዚህ ትክክለኛው ጊዜ ነው፤ የዚህ ዓመቱ አዲስ ቅርንጫፍ ለስላሳነቱ አልፎ ጠንከር ማለት ይጀምራልና። ካልጠወለገው ጎን ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጫፍ ከቅጠል ግርጌ ዝቅ ብለው ይቁረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች ያንሱ፣ ከላይ ሦስት አራት ይተዉ። ግማሽ አሸዋ ግማሽ የተነፋ ብስባሽ በያዘ ትንሽ ማሰሮ ይትከሉና በላስቲክ ይሸፍኑት። ጥላ ሥር ያኑሩት። ሥር ለማውጣት ሁለት ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። አንድ ብቻ አይውሰዱ፤ ሁሉም አይጸድቁምና።

መቀሱ ስለታም ይሁን። የዳፍኔ ልጥ በጣም ጠንካራ ቃጫ አለው። ዶልዱም መቀስ እንጨቱን ይቆርጥና ልጡን ረጅም አድርጎ ይልጠዋል፤ በዚያ ቁስል በሽታ ይገባል። ይህ ቃጫ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ። በኔፓል ሎክታ የሚባለው ጥንካሬው የታወቀ ባህላዊ ወረቀት የሚሠራው በሂማላያ ከሚበቅሉ የዳፍኔ ዘመዶች ልጥ ነው። ለእኛም ይጠቅመናል። ቅርንጫፉ ሲታጠፍ በቀላሉ አይሰበርምና ጤነኛ ዳፍኔ ያለው ሰው ከታች ያለውን ቅርንጫፍ አጎንብሶ፣ መሃሉን በትንሹ ጫር አድርጎ፣ አፈር ውስጥ ቀብሮ ድንጋይ ቢጭንበት በዓመት ገደማ ሥር ያወጣል። ከቁራጭ ይልቅ ይህ መንገድ አስተማማኝ ነው። ለእርስዎ ግን ያ አፈር ራሱ ስለሚያጠራጥር ቁራጩ ይሻላል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቁራጭ የሚወሰደው ቅጠሉ ካልተዥጎረጎረ፣ ካልተጣመመና ካልጠበበ ተክል ብቻ ነው። ዳፍኔ ኦዶራ መነሻው ቻይና ነው፤ በጃፓን ለረጅም ዘመን ሲለማ ኖሯል። በአትክልት ቦታ ያለው ፍሬ የሚይዘው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ከዘር ሳይሆን ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ሲተላለፍ ነው የኖረው። እናትየው ቫይረስ ካለባት ልጆቿ ሁሉ ይዘውት ይወለዳሉ። ቫይረስ መድኃኒት የለውም። ክሽክሽም ከተክል ወደ ተክል ያዛምተዋል፤ በአዲስ ቅጠል ላይ ክሽክሽ ካዩ በሳሙና ውሃ ቶሎ ያጥቡት። እዚህ ላይ ግን አይሳሳቱ። የወርቃማ ጠርዝ ያለው ኦሬኦማርጂናታ የተባለው ዓይነት ቢጫ መስመሩ መልኩ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ብርድን ከተራው ዓይነት የተሻለ በመቻሉም ይመሰገናል። እኔም ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው።

አዲስ የሚተክሉ ወይም የሚያዛውሩ ከሆነ ደግሞ ጭቃ አፈር ላይ ሰው ሁሉ የሚሠራው አንድ ስህተት አለ። ሰፊ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ምርጥ ብስባሽ ይሞላበታል፣ ተክሉን መሃል ያስቀምጣል። በጎ አሳቢነት ነው። ውጤቱ ግን መጥፎ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ልል ወደሆነው ብስባሽ ይወርዳል፤ ዙሪያው ጭቃ ስለሆነ መውጫ የለውም። ሥሩ የሚቀመጠው ኩሬ ውስጥ ነው። ቦታውን አስቀድመው ይፈትኑት። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት። ሲሰርግ እንደገና ይሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በግማሽ ቀን ውስጥ ካልጠፋ ያ ቦታ ለዳፍኔ አይሆንም፤ ቢያንስ ወደታች ቆፍሮ ለመትከል።

መፍትሔው ወደ ላይ መሄድ ነው። የመሬቱን ገጽ ብቻ አላልተው በላዩ ላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሰፊ ጉብታ ይሥሩ። አፈር፣ ደቃቅ ጠጠርና የበሰበሰ ቅጠል ይቀላቅሉበት። ዳፍኔውን ከማሰሮው በነበረው ጥልቀት ወይም ትንሽ ከፍ አድርገው ይትከሉት። ሌላ ተክል ስንተክል ሥሩን በጣት እንበትነዋለን፤ ይኼኛው ላይ አያድርጉት፣ እንዳለ ያስገቡት። ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የቅጠል ጉዝጓዝ ያልብሱት፣ ግንዱን ግን አያስነኩት። ሥሩ ከላይ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከታች የማይጨቀይ አፈር ካገኘ ሥራው በአብዛኛው አልቋል።

ቦታው ላይ ግን ምርጫዎ ጥሩ ነበር፤ ይህን ልነግርዎ እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው በብርድ የሚያብብ ቁጥቋጦን ከአትክልቱ ጥግ ይተክለዋል። በብርድ ማን ወደ ጥግ ይሄዳል? ዳፍኔ ሰው በሚያልፍበት ቦታ መሆን አለበት። ግድግዳም ከቀዝቃዛ ነፋስ ይጠብቀዋል። የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት ጥላ ከሆነ ደግሞ ሌላ አያሻውም። ከግድግዳው ግን ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት። የኖራውም፣ ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃም ጉዳይ አለ። ተክሉ ቀስ እያለ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ስለሚያድግ ወደ ጎንም ቦታ ይፈልጋል።

ስለ ብርዱ ብዙ አይጨነቁ። እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይቋቋማል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ነው ቅጠሉ የሚቃጠለው። ውርጭ በጣለበት ጠዋት ቅጠሎቹ ተንጠልጥለው ቢያዩ አይደንግጡ። ውርጩ ሲለቅ ቀና ይላሉ። ያን ዕለት ውሃ ይዞ መሮጥ አያስፈልግም።

መግረዝም እምብዛም አይፈልግም። እንቡጦቹ የሚዘጋጁት በሙቀቱ ወራት ነው። ከዚያ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስበው፣ ወይን ጠጅ መልክ ይዘው፣ ብርዱ እስኪመጣ ለወራት ይጠብቃሉ። ዘግይቶ የገረዘ ሰው የቆረጠው አበባውን ነው። ቅርጽ የሚያስይዙት አበባው እንዳለፈ ወዲያው ይሁን፤ ወይም አበባ ላይ እያለ ለቤት የሚሆን አጭር ዘለላ በመቁረጥ። አንዲት ዘለላ ብርጭቆ ውስጥ ገብታ ክፍሉን ትሞላለች። ቅጠል ወደሌለበት አሮጌ እንጨት ግን አይውረዱ፣ ላያቆጠቁጥ ይችላል። ጤነኛ ሲሆን በዓመት አንዴ፣ አበባው ካለፈ በኋላ፣ አሲዳማ አፈር ለሚወዱ ተክሎች የሚሆን ማዳበሪያ በትንሹ ይበቃዋል።

አፈርዎ ለጉብታም የማይመች ከሆነ ጥልቅ ማሰሮ አለ። ከታች በደንብ የተበሳ፣ በጡብ ከመሬት ከፍ ያለ ማሰሮ ውስጥ ዳፍኔ ጥሩ ይኖራል። ያን ጊዜ ውሃው ሙሉ በሙሉ በእጅዎ ነው። ለእርስዎ ቁራጮች መጀመሪያ ይህን እመርጣለሁ።

ሌላ ተክል ልፈልግ ወይ ላሉት ደግሞ በግልጽ ልመልስ። ዳፍኔ በእንክብካቤም ቢሆን ረጅም ዕድሜ ካላቸው ቁጥቋጦዎች አይደለም። 10 ዓመት ያህል ካገለገለ ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ ጤነኛ መስሎ ቆይቶ በድንገት ይሞታል። ይህን ችለው የሚያሳድጉት ለመዓዛው ነው። ያ ካልተመቸዎት ለዚያው ቦታ ሳርኮኮካ የተባለውን ቁጥቋጦ እመርጥልዎታለሁ። በብርድ ያብባል፣ አበባው ትንንሽ ነጭ ቃጫ ነው፤ ለዓይን እምብዛም ነው። መዓዛው ግን ከዳፍኔ ብዙም አይርቅም። ጥላ ይችላል፣ ኖራ ይችላል፣ ይገረዛል፣ ሲዛወርም አይቆጣም። ኮንፉሳ የተባለው ዓይነት አንጸባራቂ ጥቁር ፍሬ ይይዛል። ሁሚሊስ የሚባለው አጭሩ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ቀስ ብሎ ይስፋፋል። ውሃ የሚቆምበት ቦታ እሱም አይወድም፤ ስለዚህ ቦይዋን አይድፈኗት። ስኪሚያ የተባለው ቁጥቋጦም ይመከራል። ሩቤላ የተባለው ቀይ እንቡጡን ብርዱን ሙሉ ይዞ ይቆያል፤ የሚፈካውና የሚያውደው ግን ብርዱ ሲያልፍ ነው። ወንድ ስለሆነም ራሱ ፍሬ አይሰጥም። ከመግቢያ በር አጠገብ፣ ያውም በብርድ፣ መዓዛ ለሚፈልግ ሰው ሳርኮኮካ ይበልጣል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዛሬ ከጤነኛው ጎን ስድስት ሰባት ቁራጭ እወስድ ነበር። ዋናውን ተክል ሙቀቱ እስኪያልፍ ሳልነካ እተወዋለሁ። ከቆየ ወደ ጉብታ፣ ካልቆየ በቦታው ሳርኮኮካ። ቁራጮቹ ሥር ካወጡ ደግሞ አንዱን በማሰሮ አሳድገው ከበሩ አጠገብ ያስቀምጡታል።